መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ

የቡ ላይ የ8 ኪሎ ሜትር ሩጫ ማዘጋጀት የፈለገ ሰው ከሦስት መንገዶች አንዱን መምረጥ አለበት። አንደኛው ከጅማ መጥቶ ከተማዋን ሰንጥቆ ወደ አጋሮ የሚያልፈው አስፋልት ነው፤ 4 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ ነው። ሁለተኛው ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጣው የጠጠር መንገድ ነው። አቧራና ዳገት አለው፣ ግን ሰፊ ነው። ሦስተኛው በቡናው ውስጥ የሚያልፈው የእግር መንገድ ነው፤ ዋንዛና ሰሳ ያጠላበት፣ ሥር የበዛበት፣ አንዱን ወንዝ ሁለት ጊዜ የሚያሻግር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬድ መንገድ።

አምና ጥር ላይ፣ የቡና ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ የሰፈራችን ወጣቶች ውድድር ለማዘጋጀት ተነሱ። መንገድ እንዲመርጡ ከተመደቡት አምስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሦስተኛውን መንገድ አስመረጥኩ። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ "ለልጆቹ ደህንነት ነው፤ አስፋልቱ ላይ አይሱዙና ሚኒባስ አያስሮጥም" አልኩ። እውነት ነው፣ አያስሮጥም። ግን ምክንያቴ እሱ አልነበረም።

ምክንያቴ ጫማ ነበር።

ለሴቶቹ ውድድር ከተመዘገቡት 14 ልጆች አንዷ የካርቦን ጫማ ነበራት። ጫማውን ታውቁታላችሁ፣ ቲክቶክ ላይ አይታችሁታል። ሶሉ እንደ ዳቦ የተነፋ፣ ውስጡ ጠንካራ የካርቦን ዝርግ የተቀበረበት፣ ስትረግጡት መልሶ የሚያነሳችሁ ዓይነት። ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ አክስቷ ናት የላከችላት። ከቀሩት ግማሾቹ ሸራ ጫማ ነበራቸው፤ አንዳንዶቹ ጅማ የተገዛ ስኒከር፤ አራቱ ደግሞ ኮንጎ። ከአራቱ አንዷ ከከተማው በላይ ካለ ቀበሌ ነው የምትመጣው። ልምምድ ላይ ያያት ሁሉ "ይቺ ልጅ ሌላ ናት" ይል ነበር። እኔም ብያለሁ። ግን አስፋልት ላይ ሁለቱን አብረን ስናስሮጣቸው ባለ ካርቦኗ በጥቂት ሜትሮች ትቀድማለች።

ሽልማቱ ትንሽ ብር ነው። ዋናው ነገር ሌላ ነው፦ አንደኛ የወጣችው ጅማ ላይ ለሚደረግ የክለብ ምልመላ እንድትሄድ የትራንስፖርትና የማደሪያዋን እንችላለን ብለን ነበር። ይህ ለአንዲት የ17 ዓመት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ጥቂት ሜትር በዚህ ሒሳብ ጥቂት አይደለም።

ጫማው የእውነት ለውጥ ያመጣል ወይስ ወሬ ነው? ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት የመጀመሪያው የናይኪ ቬፐርፍላይ ሯጩ የሚያወጣውን ጉልበት በአማካይ 4 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ያወዳደሩት ደግሞ ከኮንጎ ጋር አይደለም፤ በጊዜው ከነበሩት ምርጥ የውድድር ጫማዎች ጋር ነው። ጉልበት 4 በመቶ ተቆጠበ ማለት ፍጥነት 4 በመቶ ጨመረ ማለት አይደለም፤ ከዚያ ያንሳል። ግን አለ። ሌላም ነገር አለ፣ ለእኔ ጉዳይ ዋናው እሱ ነው፦ ጥቅሙ ከመንገዱ ጋር ይለዋወጣል። ሜዳማ አስፋልት ላይ ሙሉ ነው። ዳገትና ቁልቁለት ላይ ይቀንሳል። ሥርና ድንጋይ ያለበት ጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ ያ የተነፋ ሶል እግርን ወደ ጎን ይጥላል። ይህን አውቅ ነበር። አውቄ ነው የመረጥኩት።

ስለ ጫማ ስናወራ አንድ ሰው ሁልጊዜ ተነስቶ "አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው!" ይላል። ልክ ነው፣ ሮም፣ እ.ኤ.አ. 1960፣ 2:15:16። ግን ያው አበበ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2:12:11 ሮጠ። በባዶ እግሩ የሮጠውም ለፉከራ አልነበረም፤ ሮም ላይ ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው ይባላል። አብሮ የሚረሳ ነገርም አለ። ያ ውድድር ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ወደ ማታ የተጀመረ ነው። ከስታዲየም አልተነሳም፣ ስታዲየምም አልገባም፤ ከካምፒዶልዮ ተነስቶ ጥንታዊውን የአፒያ መንገድ ይዞ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር አለቀ። አንድ ሰው ወይም አንድ ኮሚቴ ቁጭ ብሎ በዚህ ይሂድ፣ በዚህ ሰዓት ይጀመር ብሎ ወስኗል። ስሙን ማንም አያነሳም። የሯጭ ስም ይቀራል፣ የጫማ ስም ይቀራል፣ የመንገድ መራጭ ስም ግን የለም።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በርሊን ላይ ትዕግስት አሰፋ 2:11:53 ገባች። የሴቶቹ ክብረ ወሰን በ2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ወረደ። አበበ ቶኪዮ ላይ ከሮጠው 18 ሰከንድ ትፈጥናለች ማለት ነው። ይህን ስናገር ሰው በሁለት ዓይነት ይቆጣል፤ ግማሹ "አበበን አትንካ" ይላል፣ ግማሹ "ትዕግስትን አታሳንስ" ይላል። ሁለቱንም አልነካሁም። ያደረገችው አዲዳስ 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር ይሸጥ የነበረ፣ ለአንድ ማራቶን ያህል ተብሎ የተሠራ ጫማ ነው። በዚያ ቀን የተከተሏትም ሴቶች ባዶ እግራቸውን አልነበሩም፤ የየድርጅታቸውን ምርጥ አድርገው ነው የሮጡት። በርሊን ደግሞ ሜዳ ነው። ብዙ ክብረ ወሰን እዚያ የሚሰበረው ለዚህ ነው።

ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበርም ይህን ያውቃል። ለጫማ ሕግ አለው፤ ለጎዳና ውድድር የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2021 ቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ የገባው ደራራ ሁሪሳ ጫማው በ1 ሴንቲ ሜትር በልጦ ተገኝቶ ድሉ ተሰረዘ። ለመንገድም ሕግ አለው፦ ክብረ ወሰን እንዲጸድቅ መንገዱ በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር በላይ መውረድ የለበትም፣ መነሻና መድረሻውም ከውድድሩ ርዝመት ግማሽ በላይ መራራቅ የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2011 ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ ቦስተን ላይ 2:03:02 ሲሮጥ ከኃይሌ ገብረሥላሴ ክብረ ወሰን በ57 ሰከንድ ይፈጥን ነበር። አልጸደቀም። የቦስተን መንገድ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላ ጫፍ የሚሄድና የሚወርድ ስለሆነ የኃይሌ 2:03:59 ለጊዜው ባለበት ቀረ።

እኛ አምስታችን ግን ሕግ የለንም። አንድ ሱቅ በረንዳ፣ አንድ ጀበና ቡናና የየራሳችን ሐሳብ ነው ያለን።

ባጃጅ የሚነዳው ልጅ "ሁሉም በባዶ እግር ይሩጡ፣ በቃ" አለ። አትሳቁበት፤ ትልልቆቹም ሞክረውታል። በብስክሌት የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ቴክኖሎጂው ከሰውየው በላይ ሆነ ተብሎ የዓለም የብስክሌት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 "ኤዲ መርክስ በ1972 በነዳው ዓይነት ብስክሌት ብቻ" የሚል ደንብ አወጣ። ቀደም ሲል 56 ኪሎ ሜትር አልፎ የነበረው ክሪስ ቦርድማን በአሮጌው ዓይነት ብስክሌት 49.441 ነዳ። መርክስ 49.431 ነበር። 10 ሜትር! ያምራል፣ እኔ ይህን ቁጥር በጣም እወደዋለሁ። ግን ማንም በማይነዳው ብስክሌት መወዳደር ሰው እያስጠላ ሄዶ በ2014 ደንቡ ተነሳ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሐሳቡ ይህን ያህል አልቆየም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ "ጠርሙስ የወጋትን ልጅ እግር አንተ ትሰፋለህ?" ብላ በአንድ አፍ ዘጋችው።

የስፖርት መምህሩ "ጫማ የሌላቸው በ1 ደቂቃ ይቅደሙ" አሉ። ይህም ያለ ነገር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1905 ጀምሮ የሚካሄድ ዲፕሲ የሚባል የተራራ ሩጫ አለ፤ ሕፃናትና አረጋውያን በዕድሜያቸው ልክ ደቂቃ እየተሰጣቸው ይቀድማሉ፣ ከኋላ የተነሳው ወጣት ደርሶባቸው ማለፍ አለበት። የመምህሩ ሐሳብ በማግሥቱ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ወሬው ሾልኮ ወጣ። አራት የነበሩት ኮንጎ አድራጊዎች ዘጠኝ ሆኑ። ስኒከር የነበራቸው ልጆች ስኒከራቸውን ቤት ትተው የእናታቸውን ኮንጎ አድርገው መጡ። ሁለቱማ ሰፍቷቸው በገመድ አስረውታል። ዕድሜን መደበቅ ይከብዳል፤ ጫማ ግን አልጋ ሥር ይገባል።

ባለ ሱቁ ሀጂ እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። "እናንተ ልጆች" አሉ፣ "ያቺ አክስት ሰው አገር ምን እያጠበች እንደገዛችው ታውቃላችሁ? አሁን ልጅቱን ጫማሽ በዛ ልትሏት ነው?"

ማንም መልስ አልነበረውም። እኔ በዚህ መሃል ነው "ታዲያ አስፋልቱ ለምን አይቀርም?" ያልኩት። እፎይ አሉ። ማንም የማንንም ጫማ አልነካም። መንገዱን ብቻ ነው የነካነው፣ መንገድ ደግሞ የማንም አይደለም።

እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

በውድድሩ ቀን ያሰብኩት ሆነ። ባለ ካርቦኗ የመጀመሪያውን 2 ኪሎ ሜትር መራች። ወንዙ ጋ ድንጋዩ አንሸራተታት። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን ቁርጭምጭሚቷን እየፈራች እየተራመደች ወረደች። ስድስተኛ ገባች። ባለ ኮንጎዋ ማንም ሳይጠጋት አንደኛ። ጨፈርን። ለአንድ ሰዓት ያህል ዓለም የተስተካከለች መሰለኝ፤ የአክስት ዶላር ሳይሆን እግር አሸነፈ ብዬ።

ከዚያ ባለ ካርቦኗ መጣች። "ጋሼ፣ አስፋልት ነው ብላችሁን አልነበር እንዴ?" አለችኝ።

"መኪናውን ፈርተን ነው።"

"እሺ" አለች። እሺ ብላ ሄደች።

ያ እሺ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። ምክንያቱም ማታ ስተኛ የገባኝ ነገር አለ። አንደኛ የወጣችው ልጅ በዚያ የቡና ውስጥ መንገድ በየቀኑ ትምህርት ቤት ትመላለሳለች። የትኛው ድንጋይ እንደሚነቃነቅ፣ ወንዙ የት ጋ እንደሚጠብ ታውቃለች። አብዛኞቹ የከተማ ልጆች መንገዱን ሮጠውበት አያውቁም። እኔ ልዩነትን አላጠፋሁም፤ አንዱን ልዩነት አንስቼ በሌላ ተክቻለሁ። መንገድ መራጭ ሁሉ የሚያደርገው ይህን ነው። "ለሁሉም እኩል" የሚባል መንገድ ፈልጉና አምጡልኝ። ሜዳው ለባለ ጫማ ነው፣ ዳገቱ ለባለ ሳንባ፣ ጫካው ለባለ አገሩ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ "መንገዱን ማወቅ በእግሯ ያገኘችው ነው፣ ጫማው ግን በገንዘብ የመጣ ነው" ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ የተጽናናሁት በዚህ ነው። ሲታሰብ ግን ይንሸራተታል። ልጅቱ ዳገት ላይ መወለድን አልመረጠችም፤ በየቀኑ ያን ሁሉ የምትሄደው ቀበሌዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለው ነው። ያኛዋም ጂዳ አክስት እንዲኖራት አልመረጠችም። የአንዷን ዕድል "ልፋት" የሌላዋን ልፋት "ዕድል" ያልኩት እኔ ነኝ፣ የማዘነው ለማን እንደሆነ ቀድሜ ስለማውቅ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚህ ነገር ብዙ ባንናገር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሊምፒኩ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሆነ፤ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ። አየሩ ቀጭን ነው። የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ስድስተኛ ሆኖ መድረሻው ላይ ወደቀ። አንደኛ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ፣ ሁለተኛ የእኛው ማሞ ወልዴ። ማሞ ማራቶኑንም አሸነፈ። ማሞ ጀግና ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ደጋ ለደገኛ እንደሚያደላ እያወቀ ያንን ከተማ የመረጠ አካል ነበረ፣ የቆላ አገር ሰዎችም አጉረምርመዋል። እኛ መቼ ጠየቅን? መንገዱ ወደ እኛ ሲያዘነብል መንገድ ይባላል፤ ወደ ሌላ ሲያዘነብል ነው ተንኮል የሚባለው።

ክረምቱን፣ ዝናቡ ቤት ዘግቶብኝ፣ ሌላው ስፖርት ይህን እንዴት እንደሚፈታው ሳነብ ከረምኩ። ከሁሉም ያስገረመኝ የባለ ሸራ ጀልባ ውድድር ነው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ለእኛ ቅርቡ ውሃ ጅማ ያለው ቦዬ ነው፣ እሱም የጉማሬዎች ነው። በሰፈራችን ሸራ ሲባልም ጫማ ነው። እዚያ ግን 40 ዓመት የሞላው ከባድ ጀልባ ትናንት ከፋብሪካ ከወጣ ቀላል ጀልባ ጋር አንድ ቀን፣ አንድ መንገድ ላይ ይወዳደራል። እንግሊዞች ፖርትስመዝ ያርድስቲክ የሚሉት አሠራር አላቸው። ለእያንዳንዱ የጀልባ ዓይነት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለዘገምተኛው ትልቅ፣ ለፈጣኑ ትንሽ። ጀልባው የፈጀው ጊዜ በ1000 ይባዛና በቁጥሩ ይካፈላል። ቁጥሩ 1100 የሆነው አሮጌ ጀልባ በ66 ደቂቃ ቢገባ 60 ደቂቃ ተብሎ ይያዝለታል። ቁጥሩ 1000 የሆነው አዲስ ጀልባ በ61 ደቂቃ ቢገባ ያው 61 ነው። 5 ደቂቃ ዘግይቶ የገባው አሸነፈ ማለት ነው።

የመምህሩ 1 ደቂቃ እዚህ ተሻሽሎ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ግን ነገሩ አላለቀም። ቁጥሩ አማካይ ነው፣ ጀልባ ደግሞ በአማካይ ነፋስ አይሄድም። ወደ ነፋሱ ሲሄዱ ሁሉም ዚግዛግ እየሠሩ፣ ውሃውን በደረታቸው እየገፉ ነው የሚሄዱት፤ ያኔ በአሮጌና በአዲስ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይጠባል። ጠንከር ያለ ነፋስ ከጎን ወይም ከኋላ ሲመጣ ግን ቀላሉ አዲስ ጀልባ ብድግ ይልና ውሃው ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ከባዱ ያንን አይችልም። ስለዚህ መንገዱን በጎን ነፋስ የሞላ ሰው ቁጥሩ ምንም ይበል ምን ለአዲሶቹ ሰጥቷል። ወደ ነፋስ መውጣት ያበዛ ሰው ለአሮጌዎቹ አዝኗል። ነፋሱ ራሱ ደግሞ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ደካማ በሆነ ቀን ማንም ብድግ አይልም።

ታዲያ ጥንቁቆቹ ምን ያደርጋሉ? አንደኛ፣ በአንድ ውድድር ውስጥ ሁሉንም ዓይነት የነፋስ አቅጣጫ ይቀላቅላሉ። ሁለተኛ፣ በአንድ ውድድር አይፈርዱም። ተከታታይ ውድድር አድርገው ነጥብ ይደምራሉ፣ የእያንዳንዱን የከፋ አንድ ውጤትም ይጥሉለታል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ መልኮ ነው። ጅማ አጠገብ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል። አባቴ ማሳ ውስጥ ያለው ቡና ግማሹ ከአያቱ የወረሰው ነው፤ ግማሹ 74110 ነው፣ ከዚያ የወጣ። 74 የተመረጠበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974፤ ፍሬውን የሚያጠቁረው በሽታ ቡናውን ሲፈጅ በሽታውን የሚቋቋም ዘር ተፈልጎ የተገኘ። የቡና ተመራማሪ አዲስ ዘርን ከአሮጌ ዘር ጋር ሲያወዳድር አንድ ማሳ ላይ ተክሎ አያበቃም። ደጋ ላይም፣ ወይና ደጋ ላይም፣ ሌላ አፈር ላይም ይተክላል፤ እዚህ አንደኛ የወጣው እዚያ መጨረሻ ስለሚሆን። ለቡና ይህን ያህል እንጠነቀቃለን። ልጆቹን ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ።

የምልመላውን ነገር ሳልነግራችሁ። ያሸነፈችው ልጅ ጅማ ሄደች። ባዶ እጇን አትሄድም ብለን ገንዘብ አዋጥተን በዋዜማው ስኒከር ገዛንላት። ምልመላው አስፋልት ላይ ነበር። አዲሱ ስኒከር ገና በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ተረከዟን ላጠው። ዘጠነኛ ወጣች፤ የፈለጉት አራት ነው። አብሬያት ነበርኩ። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጫማውን አውልቃ ጭኗ ላይ ይዛው ነበር፣ እንዳይቆሽሽ።

አንዱ ጓደኛዬ "አየህ፣ አስፋልት ላይ ብታደርጉት ኖሮ ትክክለኛዋን ትልኩ ነበር" አለኝ። አልስማማም፣ ግን ጥያቄው ልክ ነው፦ ውድድሩ ምንን ለማወቅ ነው? የቡ ላይ ማን እንደሚፈጥን ለማየትና ለመጨፈር ከሆነ የትኛውም መንገድ ያስጨፍራል። ክለብ የሚገባ ሰው ለመምረጥ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ክለብ የገባች ልጅ ጫማ ይሰጣታል። ስለዚህ መፈለግ ያለባት ዛሬ ጫማ ያላት ሳትሆን ነገ ጫማ ሲሰጣት የምትፈጥነው ናት። ይህን ለማወቅ መንገድ መቀየር ምንም አይረዳም። አንድ ዓይነት ጫማ ገዝቶ፣ ጥቂት ሳምንት አስለምዶ፣ ከዚያ ማስሮጥ ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብ ነው፣ የእኛ ገንዘብ የአንድ ሰው ማደሪያ ነው።

ዘንድሮ እንደገና ተሰብስበናል። ሦስት ውድድር እናድርግ አልኩ፤ አስፋልት፣ ጠጠር፣ ጫካ፤ ነጥብ ደምረን የከፋውን እንጣል። የጀልባውን ቁጥር ሳስረዳ ሀጂ "በምንድነው የሚያካፍሉት?" ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ ከዚያ ገባቸውና ወደዱት። ሌሎቹ ግን ሦስት እሑድ ማን ይዳኛል፣ ውሃ ማን ያቀርባል አሉ። እውነታቸውን ነው። ባጃጅ ነጂው "ዕጣ ይውጣ፣ ጠዋት መነሻው ላይ፣ ልጆቹ ፊት" አለ። መምህሩ ደግሞ "ዕጣ ያወጣ ዳኛ የሸሸ ዳኛ ነው፤ ብታጠፉም አፋችሁን ሞልታችሁ እኛ ነን የመረጥነው በሉ" አሉ። እኔ ከመምህሩ ጋ ነኝ፣ ግን ዕጣው አምና ቢኖር ኖሮ እንደማልዋሽም አውቃለሁ። በመጨረሻ የተስማማንበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት፣ ማን ምን ጫማ እንዳለው ሳናውቅ ይወሰን፤ ምክንያቱም ተጽፎ ሱቁ በር ላይ ይለጠፍ። እውነተኛው ምክንያት።

ከስብሰባው ስወጣ ባለ ካርቦኗን አገኘኋት፣ ሚኒባስ እየጠበቀች። አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ስለ አምናው ነገርኳት። መኪናውን ፈርተን አልነበረም አልኳት፣ ጫማሽን ፈርቼ ነው። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

"ቢነግሩኝ ኖሮ ኮንጎ አደርግ ነበር" አለችኝ። "አለኝ እኮ።"